ለጤና ሚኒስቴር፦ የእብድ ውሻ ክትባት መሥራቱን ከልጄ ደም የሚለካ ላብራቶሪ ጎንደር ላይ ይከፈት

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። እንደዚያ የሚጀምር ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ አይወጣም። እንደ ሰው ላውራችሁ።

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የምኖር አባት ነኝ። ባለፈው ክረምት የ8 ዓመት ልጄን ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ውሻ እጁን ነከሰው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጎረምሶቹ ውሻውን በድንጋይ ገድለው ወንዝ ዳር ጣሉት፤ ጭንቅላቱ ቢመረመር ኖሮ ማበድ አለማበዱ ይታወቅ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጅብ ወስዶታል። እናቴ ጸበል ካልሄደ አለች። የጎረቤታችን እትዬ መድኃኒት አዋቂ ጠቆሙን። ሚስቴ ለማንም መልስ ሳትሰጥ፣ ቧንቧው እንደለመደው ደርቆ ስለነበር ከበርሜል በጆግ እየቀዳች፣ ቁስሉን በልብስ ሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበችው። ከሁላችንም ብልጧ እሷ ነበረች።

ልጄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በዚያው ቀን ጀመረ። ነርሷ ካርዱ ላይ ቀኖቹን ጻፈችልን፦ ዛሬ፣ 3ኛው ቀን፣ 7ኛው፣ 14ኛው። ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ኢሚዩኖግሎቡሊን ግን አልተገኘም። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹ ያላቸውን ሰጥተውናል።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ክትባት ሰውነትን ያስተምራል እንጂ ወዲያው አይከላከልም። ሰውነት የራሱን አንቲቦዲ፣ ማለትም ቫይረስን የሚዋጋ የደም ፕሮቲን፣ እስኪሠራ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ኢሚዩኖግሎቡሊን ማለት ደግሞ ከሌላ ሰው ወይም ከፈረስ የተዋስነው፣ ተሠርቶ ያለቀ አንቲቦዲ ነው። ልጄ ያንን ሳምንት ያለ ብድር አለፈው። እኔ አልተኛሁም። ውሃ አንስቶ በጠጣ ቁጥር ጉሮሮውን አያለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ግን አንድ ጥያቄ ቀረብኝ፤ ክትባቱ ሠርቶ ነው ወይስ ውሻው ጤነኛ ነበር? ይሄንን አሁን ማንም አይነግረኝም። ክትባቱ መያዙን ግን ደም ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእብድ ውሻ በሽታ ያስቀመጠው ቁጥር አለ፦ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት አምካኝ አንቲቦዲ። ጎንደር ውስጥ ዞሬ ዞሬ ይህንን የሚለካልኝ አላገኘሁም። አንዱ ባለሙያ «ልጁ ደህና አይደል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጤነኛ ተከታቢ ሁሉ ይለካ አይባልም። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን? ውሻ እየያዙ የሚከትቡት የእንስሳት ሐኪሞችና ተማሪዎችስ?

«አምካኝ» ያልኩት ፈንጂ አምካኝ እንደምንለው ነው። አንቲቦዲ ሁሉ እኩል አይደለም። አንዳንዱ ቫይረሱ ላይ ይለጠፋል፣ ቫይረሱ ግን እንደተሸከመው ሴል ውስጥ ይገባል። አምካኙ የሚይዘው ቫይረሱ ሴል የሚከፍትበትን ቁልፍ ነው። ይህን አለመለየት ምን እንደሚያስከፍል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አር.ኤስ.ቪ. ለሚባለው የሕፃናትን ሳንባ ለሚያጠቃ ቫይረስ ክትባት ተሞከረ። ልጆቹ አንቲቦዲ አወጡ፣ በደንብ የሚያመክን ግን አልነበረም። ቫይረሱ ሲመጣ የተከተቡት ካልተከተቡት ይልቅ ታመሙ፣ 2ቱ ሞቱ። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁልፉ ያለው ቅርጽ በ2013 ታወቀ፣ በዚያ ቅርጽ የተሠራ ክትባት የጸደቀው በ2023 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለት ነው!

ይሄ የፈረንጅ ሥራ ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮንጎ፣ ኪክዊት ላይ በኢቦላ ታሞ የተረፈ ሰው ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ ደም ሰጠ። ከዚያ ደም የተገኘው አንቲቦዲ በ2020 መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ የኢቦላ መድኃኒት ሆኖ ጸደቀ። ከአንድ አፍሪካዊ ክንድ የተቀዳ ደም ነው። እኛስ ስንት ተነክሶ የተከተበ፣ ስንት ኩፍኝ ይዞት የዳነ ሰው አለን? ደማቸው በማን ፍሪጅ ውስጥ አለ?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ጎንደር ላይ አምካኝ አንቲቦዲ የሚለካ ላብራቶሪ አቋቁሙ፤ ከእብድ ውሻ በሽታ ይጀምር። የምርመራው አሠራር የታወቀ ነው። ከደሙ የተለየው ፈሳሽ፣ ሴረም የሚሉት፣ በ56 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይሞቃል፣ ደረጃ በደረጃ ይቀጥናል፣ ከቫይረስ ጋር ይደባለቃል፣ ሴሎች ላይ ይፈስሳል። በማግስቱ የሚያበራ ቀለም ተደርጎበት በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የተበከለው ሴል አረንጓዴ ያበራል። ጨለማ ከሆነ አንቲቦዲው ሠርቷል። ሥራው የሰለጠነ እጅ፣ ጥንቃቄ የሚጠበቅበት ክፍል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። እዚህ ላይ እናንተም እንደምትስቁ አውቃለሁ። ግን ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ያለ ጄኔሬተር ገዝታችሁ እንዳትልኩልን፣ አደራ።

ለምን ጎንደር? ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩበት ከተማ ስለሆነ ነው። ይህ በሽታ ደግሞ የሁለቱም ነው። ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል ይባላል፤ ላብራቶሪው ካለ የተከተበውን ውሻም ደም መለካት ይቻላል፣ ክትባቱ መንገድ ላይ ሞቆ ተበላሽቶ እንደሆነም ይታወቃል። ደግሞ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችውን ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከፈጃት ብዙ አልቆየም ነበር። ችግሩ ባለበት መማር ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም።

ደም ስትሰበስቡ ፈቃድ ጠይቁ፤ ውጤቱንም ለሰጪው ንገሩት። ናሙናችን ባሕር ተሻግሮ ስሙ ብቻ እንዳይመለስ።

የልጄ የክትባት ካርድ እጄ ላይ ነው። እሱ መርፌ ሲያይ ይጮሃል፣ ከእኔ ጀምሩ። እኔ አልተከተብኩም፤ ለማነጻጸሪያ ያልተከተበ ሰው ደምም እንደሚያስፈልግ አንብቤአለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ፣ ቁርሴን ሳልበላ እመጣለሁ።

የአንድ ልጅ አባት
ጎንደር፣ ማራኪ