አባ ጅፋር ማንን ያስፈርም? ልጆቹን መጀመሪያ ሙሉ ጨዋታ እንያቸው

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ናችሁ። የስፖርት ገጻችሁን ሁሌ ነው የማነበው፣ ዛሬ ለመጻፍ የተነሳሁት ደግሞ ጅማ ላይ ሰሞኑን የሚወራው ነገር ዝም ስላላስባለኝ ነው። ወሬው ያው ስለ ጅማ አባ ጅፋር ነው፣ ከዩኒቨርሲቲና ከትምህርት ቤት ልጆች መሃል ክለቡ ማንን ያስፈርም የሚል። ፈረንጅ አራዳ ቡና ልትጠጣ ብትቀመጥ ይሄ ነው፣ መርካቶ ብትሄድ ይሄ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ብትገባ ሹፌሩ የራሱን ምርጫ ይዞ ይጠብቅሃል፣ ሰው እስከ መኮራረፍ ደርሷል። እኔ እዚሁ ከተማ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፣ ከሚወራላቸው ልጆች የተወሰኑትን በየሳምንቱ ሜዳ ላይ አያቸዋለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልናገር። ስማቸውን አልጽፍም፣ ገና ልጆች ናቸው፣ ጋዜጣ ላይ ስማቸው ወጥቶ ቢቀር እነሱን ነው የሚጎዳው።

በጣም የሚጮህለት አንዱ ከአጋሮ የመጣው ግራኝ የመስመር አጥቂ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይሄን የሚክድ የለም። ሁለት ሰው አልፎ ወደ ውስጥ ቆርጦ ሲመታ የሚያሳየው ቪዲዮ በቴሌግራም ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስለኝም፣ በቃ በዛች አጭር ቪዲዮ ብቻ ግማሹ ከተማ "አሁኑኑ ይፈርም" እያለ ነው። ግን ቪዲዮው ኳሱን ሲቀማ ምን እንደሚያደርግ አያሳይም። እኔ አይቻለሁ፣ ሲቀማ ይቆማል፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ተከላካይ ብቻውን ሁለት ሰው ይጠብቃል። ይሄ የሚስተካከል ነገር ነው፣ ልጁ 17 ዓመቱ ነው፣ የሚያስተምረው ካገኘ በአንድ ዓመት ይለወጣል። ሌላው ደግሞ ዝናብ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ጋ ከግንቦት እስከ መስከረም ሜዳ ማለት ጭቃ ማለት ነው፣ ቪዲዮው የተቀረጸው በደረቅ ሜዳ ነው፣ ኳስ ጭቃ ውስጥ ስትቀር ያ ሁሉ ድሪብል ምን እንደሚሆን ያየ ደጋፊ ስንት አለ? እኔ ልጁ አይፈርም እያልኩ አይደለም፣ ተስፋ ቡድን ይግባና ይደግ ነው የምለው፣ ዋናው ቡድን ውስጥ አስገብተን በሶስተኛው ጨዋታ እኛው ራሳችን እንዳንሰድበው።

አሁን እኔ ወደምፈልገው ልምጣ። ከሰቃ መስመር እየተመላለሰ የሚማር ረጅም የመሃል ተከላካይ አለ። ስለሱ ማንም አያወራም፣ ቪዲዮም የለውም፣ ተከላካይ ደግሞ ምኑ ይቀረጻል። ይሄ ልጅ ጨዋታውን ቀድሞ ያነበዋል፣ ኳሱ ገና ከመነሳቱ በፊት እሱ የሚያርፍበት ቦታ ደርሷል፣ ስለዚህ ሲንሸራተት እንኳን ብዙ አታየውም፣ ሰው ደግሞ የሚያጨበጭበው ለሚንሸራተት ነው። ከኋላ ሆኖ ቡድኑን ያናግራል፣ በዛ ዕድሜ ሜዳ ላይ የሚያወራ ተከላካይ ማግኘት በጣም ከባድ ነው፣ ብዙዎቹ ልጆቻችን አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚጫወቱት።

ተከላካይ ላይ ለምን ችክ እንደምል ለሚጠይቀኝ ሰው የራሳችንን ታሪክ ነው የማስታውሰው። በ2010 ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደግንበት ዓመት ዋንጫ ስናነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ኦኪኪ አፎላቢን ነው፣ ልክ ነው፣ 23 ግብ አግብቶ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኗል፣ ያንን ልጅ እስክሞት አልረሳውም። ግን እኮ ያንን ዋንጫ ያነሳነው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆነን በግብ ልዩነት በልጠን ነው። የግብ ልዩነት ማለት ደግሞ ያገባኸው ብቻ ሳይሆን ያልገባብህም ነው፣ ያኔ በዓመቱ ውስጥ ተከላካዮቻችንና በረኛችን ያዳኗት እያንዳንዷ ኳስ ዋንጫው ውስጥ አለች። በሚቀጥለው ዓመት አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ገብተን ከአል አህሊ ጋር ስንጫወትም ያከበረን ሰው ያከበረን ተደራጅተን ስለተከላከልን ነው። ታዲያ በ2014 ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረድን በኋላ አሁን ለመመለስ የሚያስፈልገን ምንድነው፣ ጥሩ ቪዲዮ ያለው ልጅ ነው ወይስ 1 ለ 0 እየመራን ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ የማይደነግጥ ልጅ?

ሶስተኛው በጣም የሚያከራክረው ልጅ የዩኒቨርሲቲው አማካይ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሶስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፣ የመጣው ከሌላ ክልል ነው፣ ጨዋታው በጣም ንጹህ ነው፣ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ሁለቴ ዞሮ ያያል፣ አንድ ንክኪ፣ ሁለት ንክኪ፣ ኳሷ ከእግሩ ስር አትቆይም። ስለሱ የሚነሱት ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ያናድዱኛል። አንደኛው "21 ዓመቱ ነው፣ አርጅቷል" የሚል ነው። 21 ዓመት! እዚህ አገር ስንት ተጫዋች ዕድሜው ተቀንሶ "ከ17 በታች" እየተባለ እንደሚጫወት ሁላችንም እናውቃለን፣ እውነተኛ ዕድሜውን በተማሪ መታወቂያው የሚያሳይ ልጅ ሲመጣ ግን አረጀ እንለዋለን። ታማኝ በመሆኑ ነው እንዴ የምንቀጣው? ደግሞ 21 ዓመት ለአማካይ መጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ "የኛ ልጅ አይደለም" የሚለው ነው። ይሄንን ነገር ከጅማ ሰው አፍ ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። ጅማ እኮ ድሮም የገበያ ከተማ ናት፣ ሂርማታ ገበያ ከየት ያልመጣ ነጋዴ ነበር፣ የንጉሡ የአባ ጅፋር ስም ራሱ የሚነሳው እንግዳና ነጋዴ በመቀበላቸው ነው፣ ክለባችን የያዘው የእሳቸውን ስም ነው። ዋንጫ ያመጣልን ቡድን አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር፣ አጥቂው ናይጄሪያዊ ነበር፣ ያኔ ስንጨፍር ከየት መጣህ ብለን የጠየቅነው ሰው አልነበረም። ሶስት ዓመት እዚህ ዝናብ የመታው፣ እዚህ የተማረ፣ እዚህ ሜዳ ላይ የወደቀ የተነሳ ልጅ የኛ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፣ ክለቡ ካስፈረመው ትምህርቱን እንዲጨርስ ያድርግ፣ ልምምዱን ከክላሱ ጋር አስማምቶ። ኳስ ጉልበት ላይ አንድ ጉዳት ሲመጣ የሚያልቅ ነገር ነው፣ ዲግሪውን አስጥለን ከዛ በሁለተኛው ዓመት "ኮንትራትህ አልታደሰም" ብንለው ማን ነው የሚጠየቀው?

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ስል እኔም እንደማንኛውም ደጋፊ የራሴን ምርጫ ነው የተናገርኩት፣ ግን ከምርጫው በላይ የሚያሳስበኝ አመራረጡ ነው። አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል፣ ያ ኳሷን በእጅ ይዘው በሚሮጡበት ጨዋታ፣ ድራፍት የሚሉት ነገር አላቸው፣ ስፖርት ሳይንስ ስማር ነው ያወቅኩት፣ ከዛ በኋላ መከታተል አልተውኩም። በያመቱ 32ቱ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በተራ ይመርጣሉ፣ ሰባት ዙር አለው፣ ከ250 በላይ ልጆች ይመረጣሉ፣ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው መጀመሪያ የሚመርጠው፣ ደካማው እንዲጠነክር ማለት ነው። ከዛ በፊት መልማዮቹ ልጁን ዩኒቨርሲቲ እያለ ለዓመታት ይከታተሉታል፣ ሙሉ ጨዋታዎቹን ያያሉ፣ ሰብስበው ያስሮጡታል፣ ያዘልሉታል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ቁጭ አድርገው ያናግሩታል፣ አሰልጣኞቹን ይጠይቃሉ። ደጋፊውም እንደኛው ወራት ሙሉ ሲከራከር ነው የሚከርመው።

ይሄን ሁሉ አድርገውም ይሳሳታሉ እኮ! እ.ኤ.አ. በ1936 ድራፍቱ ሲጀመር የመጀመሪያው ተመራጭ የነበረው ጄይ በርዋንገር አንድም ቀን በፕሮፌሽናል ሊጉ አልተጫወተም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከፔይተን ማኒንግ ቀጥሎ ሁለተኛ የተመረጠው ራያን ሊፍ ከአንደኛው ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፣ ማኒንግ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ፣ ሊፍ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠፋ። ቶም ብራዲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ሁሉም ክለብ እያለፈው እያለፈው ስድስተኛው ዙር ላይ 199ኛ ነው የተመረጠው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ሰውነቱ አልጠነከረም ብለውት ነበር፣ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። የብራዲን ታሪክ ሳስብ ያ የሰቃው ተከላካይ ነው የሚመጣብኝ፣ ሩጫው አያስደንቅም፣ ዓይኑና ጭንቅላቱ ግን ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ በሰዓት አትለካውም።

እዛ ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ይዘው ከተሳሳቱ፣ እዚህ አገር ያለው አሰራር የት ሊያደርሰን ነው? ብዙ ክለቦቻችን ልጅ የሚመርጡት በሁለት ቀን ሙከራ ነው። ብዙ ልጅ ይሰበሰባል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ሃያ ደቂቃ ይጫወታል፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ኳስ ያልደረሰው ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሄ ሙከራ ለተከላካይና ለአማካይ በጭራሽ አይሆንም፣ ምክንያቱም ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ስለሚጫወት ማንም ኳስ አይሰጠውም፣ ሁሉም ለራሱ ነው የሚሮጠው። ወይ ደግሞ ደላላ ይመጣል፣ የፊርማ ገንዘብ ላይ የራሱን ድርሻ የሚያስብ፣ ተጫዋቹ ከሌላ ከተማ በአጭር ኮንትራት ይመጣል፣ ዓመት ሳይሞላው ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን። ጅማ ውስጥ ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ከላይ አይቶ ብር አይቆጥርም፣ ከመሃሉም ከታቹም አውጥቶ ያያል፣ ለሰው ልጅ ሲሆን እንዴት ከዛ ያነሰ ጥንቃቄ እናደርጋለን?

መደረግ ያለበት ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ክለቡ ጨዋታ የሚያውቁ ሶስት ሰዎች ይመድብ፣ የቀድሞ ተጫዋቾች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ የቀበሌ ውድድር፣ የዩኒቨርሲቲው የዲፓርትመንት ጨዋታ ሲኖር ማስታወሻ ይዘው ይምጡ፣ አንዱን ልጅ በደረቅ ሜዳም በጭቃም፣ ሲመራም ሲመራበትም ይዩት። ልጁ ሲቀየር ወንበር ላይ ምን ያደርጋል? ዳኛ ሲሳሳትበትስ? እኛን አስተማሪዎቹን ይጠይቁን፣ ማን ልምምድ እንደማይቀር፣ ማን እቤቱ ችግር ስላለ ሳይበላ እንደሚመጣ እናውቃለን። አንዳንዴ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ደከመ የምንለው ልጅ ቁርስ ያልበላ ልጅ ነው፣ ይሄንን ቪዲዮ አይነግራችሁም። ወላጆቹንም ሄዶ ማናገር ያስፈልጋል። አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰቃ፣ ማና ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፣ ልጆቹ ሁሉ የትራንስፖርት ከፍለው ጅማ መምጣት አይችሉም። የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም እኮ የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ያስተናገደ ሜዳ ነው፣ የዞኑን ልጆች በዓመት አንዴ ለሳምንት ያህል እዛ ሰብስቦ በቡድን ማጫወት የሚከብድ ነገር አይመስለኝም።

ደጋፊውንም አንድ ነገር ልለምን። ክርክሩ ይቀጥል፣ እኔ ክርክሩን እወደዋለሁ፣ ከተማው ክለቡን እንዳልረሳው የሚያሳየው እሱ ነው። ግን ስለ ልጅ ከመከራከራችን በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ጨዋታ እንየው፣ የትምህርት ቤት ጨዋታ ደግሞ መግቢያው ነጻ ነው። እና ልጆቹን አንስደብ። ያ የአጋሮው ልጅ አንድ ቀን ሳይሳካለት ሲቀር ስልኩ ላይ የተጻፈለትን አሳይቶኛል፣ ከትልልቅ ሰዎች የመጣ ስድብ ነው፣ ለ17 ዓመት ልጅ።

በረኛ ላይ ማንም አላነሳም፣ እኔም ራሴ እስካሁን ሳላነሳ ደረስኩ። ዘንድሮ ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተስፋ የሚሰጡ ሁለት በረኞች አሉ፣ ሁለቱም ጓንት የላቸውም፣ በረኛ አሰልጣኝ የሚባል ነገርም አይተው አያውቁም። ክለቡ ሌላው ሁሉ ቢቀር እነዚህን ሁለት ልጆች ከተስፋ ቡድኑ በረኞች ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ያለማምዳቸው፣ ፊርማ አልጠየቅንም፣ ገንዘብም አልጠየቅንም። የሚቀጥለው ምልመላ መቼና የት እንደሚሆን ደግሞ ቀደም ብሎ በሬዲዮም በትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳም ይነገር፣ ልጆቹን አዘጋጅቼ የማመጣው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የጅማ አባ ጅፋር ደጋፊና የስፖርት አስተማሪ፣ ከጅማ