ማንም አያስቸኩልሽ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ወደ ሥነ ልቦና አማካሪዋ ዳግመኛ ላለመሄድ መወሰንሽን እህትሽ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀጠሮ የደረሰብሽን ወሲባዊ ጥቃት በዝርዝር ካልተናገርሽ ልትረዳሽ እንደማትችል ገልጻልሽ ነበር አሉ። ከእሷ መራቅሽን አልቃወምም፤ ሕክምናውን ጨርሶ መተውሽን ግን አልቀበልም። የሥነ ልቦና ጉዳትን በሚገባ የተረዳ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው አንቺ ከእሱ ጋር ስትቀመጪ ስጋት እንዳይሰማሽ ነው። ታሪኩ የሚነገረው ከዚያ በኋላ፣ አንቺ ስትፈቅጂና በፈቀድሽው መጠን ብቻ ነው። ማንም አያስቸኩልሽ።

ባለቤትሽ ሲቀርብሽ ሰውነትሽ እንደሚደርቅና እንደሚያምሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም፤ አንቺም እንዲህ ብለሽ ራስሽን እንዳትከሺ። አካል አደጋ ሲገጥመው ከመታገልና ከመሸሽ ሌላ ባለበት መድረቅንም ያውቃል፤ ከዓመታት በኋላ እንኳ አንድ ሽታ ወይም ያልታሰበ ንክኪ ያንኑ ሊቀሰቅስበት ይችላል። ያለ ፈቃድሽ የሚኮማተሩትን የዳሌ ጡንቻዎች «ዘና በይ» የሚል ትእዛዝ አይፈታቸውም። ይሁንና ሕመሙ ከኢንፌክሽን ወይም ከሌላ በሽታ ሊመጣ ስለሚችል በዚህ ሳምንት የማሕፀን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢ። ምርመራው ሳይጀመር፣ አቁሙ ስትዪ እንዲቆም ተስማሚ፤ እህትሽም አብራሽ ትግባ።

አክስትሽን ታውቂያታለሽ። መስማት የተሳናት በመሆኗ በትምህርት ቤት ስለ ሰውነትና ስለ ጉርምስና ሲነገር በምልክት ቋንቋ የሚያስረዳት አልነበረም፤ ጉዳዩ እሷን እንደማይመለከት ሁሉም ወስኖላት ነበር። ክፉው ነገር ሲደርስባት ታዲያ የምትገልጽበት ምልክት እንኳ አልነበራትም። እጆቿን እስከ ደረቷ ታነሳለች፣ ጣቶቿ አንድ ነገር ይጀምራሉ፣ ከዚያ መልሳ ጭኗ ላይ ታሳርፋቸዋለች። እስኪወጣላት የሚጠብቅ ሰው በቤታችን አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ በምልክት ቋንቋ የምታማክር ሴት ስታገኝ፣ አማካሪዋ መጀመሪያ የጠየቀቻት የት መቀመጥ እንደምትፈልግ ነበር። አክስትሽ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች፤ ከኋላዋ የሚመጣውን መስማት አትችልምና። ዕርዳታው ያገባም ያላገባም፣ ወንድም ሴትም፣ አካል ጉዳተኛም ሳይለይ ለሁሉም የሚገባ ነው የምልሽ እሷን እያሰብኩ ነው።

አዲስ አማካሪ ስታገኚ በወሲባዊ ጥቃት ጉዳይ ሥልጠና እንዳላት፣ ምሥጢርሽንም እስከ ምን ድረስ እንደምትጠብቅ አስቀድመሽ ጠይቂ። የጥንዶችን የወሲብ ችግር ያጠኑት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት የሕክምና ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የሚታከሙት ጥንዶች የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ለጊዜው ትተው በቤታቸው ከቀላል መዳሰስ ይጀምራሉ። ዝግጁ ስትሆኚ ስለ ዘዴው አማካሪሽን ጠይቂያት። ልምምዱ የአንቺና የባለቤትሽ ብቻ ነው፤ ሰውነትሽን ልንካ የሚል አማካሪ ካጋጠመሽ ያለ አንዳች ይሉኝታ ተነስተሽ ውጪ። ባለቤትሽም ቢሆን፣ መልካም ሰው መሆኑን ባውቅም፣ አያስቸኩልሽ፤ እኔም ብሆን።

የሐኪሙን ቀጠሮ ስትይዢ ቀኑን ላኪልኝ።

እናትሽ