ግጦሻቸውን በፊርማ ያጡ አርብቶ አደሮች

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ አርብቶ አደሮችን «መርጋት የማያውቁ» ያለው ጽሑፍ እጅግ ቅር አሰኝቶኛል። ያደግሁት ጎጃም ውስጥ፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው፤ በበጋ የደጋው ሣር ሲደርቅ ከአባቴ ጋር ከብቶቹን ወደ ቆላው እንነዳ ነበርና፣ ፊት ፊት የምትሄደው ላም ቁልቁለቱን ማንም ሳይመራት ታውቀው እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል። ያንን መንገድ ማንም ባዕድ በፊርማ አልዘጋብንም።

በኬንያ ማሳይ አርብቶ አደሮች ላይ ግን ይህ ደርሷል። እኛ ክፉ ቀን በምንለው ዘመን አገራችንን ያራቆተው የደስታ በሽታ የእነርሱንም ከብት ፈጅቶ ገና ሳያገግሙ፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 ባስፈረሟቸው ውል ከናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ ግጦሻቸው አስነስተው ከፊሎቹን ወደ ላይኪፒያ ደጋ፣ ሌሎቹን ወደ ደቡብ አሰፈሯቸው። ሕዝቡ እስካለ ድረስ ይጸናል የተባለው ውል የቆየው 7 ዓመት ብቻ ነው፤ በ1911 ላይኪፒያንም ለነጭ ሰፋሪዎች እንዲለቁ ተደረገ። ላይኪፒያን ማጣት ማለት ውሃ ያለውን፣ በድርቅ ጊዜ የሚሸሹበትን ደጋ ማጣት ነበር። ፍርድ ቤት ቢሄዱም ውሉ በመንግሥታት መካከል የተደረገ ነው ተብሎ በ1913 ክሳቸው ውድቅ ሆነ። ራሱን እንዳያስተዳድር የተከለከለ ሕዝብ መሬቱ ሲወሰድ ብቻ እንደ መንግሥት መቆጠሩ ያንገበግበኛል።

ስለ አርብቶ አደሮች ዳግም ስትጽፉ መሬታቸው እንዴት እንደተወሰደም እንድታካትቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ