የአይሲቲ ክበብ፦ "አልቋል ቲቸር" ከተባለ በኋላ ያለው ጊዜ

ሌሎቹ ክበቦች ችግኝ ተክለው ድራማ ሠርተው ደስ የሚል ፎቶ አላቸው፣ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ደብተር ላይ ሰዓት ስንጽፍ ነው የከረምነው እና ፎቶ የለንም፣ ይቅርታ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ልጆቹ ለላይብረሪያችን የመጽሐፍ ማዋሻ ፕሮግራም ሠርተው ነበር፣ ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም፣ ማን ምን ወሰደ መቼ ይመልሳል ነው። የላይብረሪዋ እትዬ ባገኙኝ ቁጥር "ያ ያልኳችሁ ነገርስ?" ይሉኛል፣ ልጆቹን ስጠይቅ ደግሞ "ኧረ ቲቸር እሱማ ካለቀ ቆየ!" ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ታዲያ ያለቀው ነገር የት ነው ያለው?

የኛ መንገድ እንዲህ ነው፣ ልጁ በላፕቶፑ ይጽፋል፣ በፍላሽ ይዞ ላብ ጥግ ላይ ወዳለችው ኮምፒዩተር ይወስዳል፣ እዚያ ሌላ ልጅ ይሞክረዋል፣ ከዛ እኔ አይቼ እሺ ካልኩ ላይብረሪ ይጫናል። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛንና ለእያንዳንዱ ለውጥ አንድ መስመር ሰጥተን በየደረጃው የገባበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደል ገቡ፣ ምክንያቱም ያለቀበትን ሰዓት ከፋይሉ ነው የምንገለብጠው፣ ፋይሉ 15 ሰዓት ይላል፣ ልጆቹ ላብ የገባበትን በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ብለው ይጽፋሉ፣ ስንቀንስ ኮዱ ሳያልቅ 5 ሰዓት ቀድሞ ላብ ደርሷል ሆነ። በጣም ፈጣን ክበብ ነን ብለን ሳቅን፣ ከዛ ሁሉንም በኛ ሰዓት አደረግነው።

በዓለም ላይ ይሄን የሚለኩ ሰዎች እንዴት ነው የሚሠሩት ብለን ስናይ ዶራ የሚባል አሁን ጉግል ውስጥ ያለ የጥናት ቡድን አገኘን፣ የታወቁት መለኪያዎቹ አራት ናቸው፦ በየስንት ጊዜው ትለቃላችሁ፣ አንድ ለውጥ ከተጻፈ ተጠቃሚው ጋ እስኪደርስ ስንት ይፈጃል፣ ከለቀቃችሁት ስንቱ ይበላሻል፣ ሲበላሽስ በስንት ጊዜ ይስተካከላል። ልጆቹን የገረማቸው ግን ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተር የሚያስነሳ ግን በነፃ የሚገኝ ሲስተም ማለት ነው። እዚያ አዲስ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) መጀመሪያ አንስቴብል፣ ማለትም "ገና ያልተረጋጋ" የሚባለው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ በተለመደው አሠራር እንደ አስቸኳይነቱ 2፣ 5 ወይም 10 ቀን እዚያው ይቆይና ከባድ አዲስ ባግ (ስህተት) ካልተገኘበት ነው ወደ ቴስቲንግ፣ ማለትም ወደሚቀጥለው የመሞከሪያ ክፍል የሚያልፈው። "አውቀው ነው የሚያቆዩት?" አለ አንዱ። ቤተሰቦቿ ጅማ ዞን ማና ወረዳ ቡና ያላቸው የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት የመለሰችለት፣ ቡና አልጋ ላይ ሲደርቅ የሚቆየው ሥራ ላይ ነው፣ ደርቆ በጆንያ ተሰፍቶ መኪና ሲጠብቅ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፣ የኛ የትኛው እንደሆነ ደብተሩን እንየው አለች። እኔ ይሄን በሦስት ፔሬድ አላስረዳም ነበር።

አየነው። እስከ ጥር ድረስ 14 ለውጦች ተመዝግበዋል። አንዱ ለውጥ 31 ቀን ስለፈጀ አማካኙ ወደ ላይ ተጎተተ፣ ስለዚህ ሒሳብ ክፍል የተማሩትን ሚዲያን፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን አወጡ፣ 12 ቀን። መሞከሩ ራሱ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ መብራት ሲጠፋ አንድ ሁለት ቀን ይሄዳል፣ ወደ 9 ቀን የሚሆነው ግን "ቲቸር ጋ" የሚለው አምድ ውስጥ ነው። ያ 31 ቀኑም እኔ ፈተና ሳርም ጠረጴዛዬ ላይ የረሳሁት ፍላሽ ነው። ማንም ምንም አላለኝም፣ ዝም ብለው ነው ያዩኝ፣ እሱ ይብሳል።

ከዛ በኋላ የተመዘገበ መረጃ የሚነካ ለውጥ ብቻ እኔ ጋ ይምጣ፣ ሌላውን ሁለት ልጆች አይተው ይልቀቁት አልን፣ ለውጡንም ቁርጥ ቁርጥ አድርገው ትንሽ ትንሹን መላክ ጀመሩ። ሚዲያኑ ወደ 3 ቀን ወረደ።

መጋቢት ላይ ግን ተዋረድን። የስም መፈለጊያዋን በዚያው ቀን ጽፈው በዚያው ቀን ጫኗት፣ እትዬ "ፀሐይ" ብለው ቢፈልጉ የለችም ይላል፣ ልጅቷ ግን ፊታቸው ቆማለች። መዝገቡ ላይ "ጸሀይ" ተብላ ነበራ! ላብ ውስጥ የሞከርንባቸውን ስሞች ሁሉ የጻፈው አንድ ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ ከጸ እና ከሀ ውጪ ፊደል ያለ አይመስለውም። ደግነቱ የድሮው ቨርዥን ሌላ ፍላሽ ላይ ስለነበር በ40 ደቂቃ መልሰው ጫኑት። ይሄ እንግዲህ ሳይደርቅ የተጫነ ቡና ነው። አሁን ማንኛውም የፍለጋ ለውጥ ቢያንስ 2 ቀን ላብ ይቆያል፣ በመሀል እትዬ ራሳቸው መጥተው በራሳቸው አጻጻፍ ይሞክሩታል። ሚዲያኑ ወደ 4 ቀን ተመለሰ፣ እኔ ምንም ቅር አላለኝም፣ ልጆቹ ግን ቁጥሩ ከፍ በማለቱ ትንሽ ከፍቷቸዋል።

ደብተሩ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ቀርቶታል። የመጨረሻው መስመር የቆዩ መዝገቦችን የሚያስተካክል ለውጥ ነው፣ ሰኔ 3 ላብ አልፏል፣ መረጃ ስለሚነካ "ቲቸር ጋ" አምድ ውስጥ ነው ያለው፣ ይሄን ዘገባ ስጽፍ ሰኔ 9 ነው፣ ፍላሹ አጠገቤ ነው።