ስለ ቅጽበታዊው የባንክ ክፍያ ለጠየቅኸኝ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ ቆይተን መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ያነሣኸው ጥያቄ ግን በስልክ ተነጋግረን የምናልፈው ስላልመሰለኝ በጽሑፍ ልመልስልህ ወደድሁ። በኢንተርኔት ካሲኖ ለመጫወት ከባንክ ሒሳብህ በቅጽበት የሚተላለፍ ክፍያ መጠቀም ያስተማምን እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አትጫወት ልልህ አልተነሣሁም፤ ካርታ ስንጫወት እያመሸን ያደግን ሰዎች ነንና እንዲህ ያለው ምክር ከእኔ አያምርም።

በመጀመሪያ ክፍያው ራሱ ምን እንደሆነ ልንገርህ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ መሠረት የዩሮ ተጠቃሚ አገሮች ባንኮች ቅጽበታዊ ክፍያን ከጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ጀምሮ የመቀበል፣ ከኦክቶበር 9 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የመላክ ግዴታ አለባቸው፤ ከተራው ዝውውር የበለጠ ዋጋ ማስከፈልም ተከልክለዋል። ገንዘቡ ሌሊትም ሆነ እሑድ በ10 ሰከንድ ውስጥ ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳል። እንግዲህ ጥያቄህ ገንዘቡ በመንገድ ላይ ይጠፋ እንደሆነ ከሆነ፣ አይጠፋም። አደጋው የሚመጣው ገንዘቡ ተቀባዩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ክፍያውን ለመቃወም የሚሄድበት መንገድ አለው፣ በቅጽበት የላከ ሰው ግን ባንኩ የተቀባዩን ባንክ ደብዳቤ ጽፎ ከመለመን ያለፈ ብዙም አያደርግለትም። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ የመላኪያውን ቁልፍ ከመንካትህ በፊት ማለቅ አለበት።

ይኸው ደንብ አንድ ጥሩ ነገር አምጥቶልናል። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ባንክህ የጻፍኸው የተቀባይ ስም ከአይባኑ (ከዓለም አቀፉ የባንክ ሒሳብ ቁጥር) ባለቤት ስም ጋር መግጠሙን አጣርቶ ይነግርሃል። «አይገጥምም» ብሎህ ሳለ አልፈህ ከላክህ ኪሳራው የአንተ ነው። ካሲኖዎች ዘንድ ነገሩ የሚወሳሰበው ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ ካሲኖው ራሱ ሳይሆን ክፍያ የሚሰበስብለት ኩባንያ በመሆኑ ነው፤ ተጫዋቹም የማያውቀውን ስም ማየት ይለምድና ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ማለፍ ይጀምራል። የማታውቀው የኩባንያ ስም ብቻውን አያስደንግጥህ፤ ካሲኖው በክፍያ ገጹ ላይ ያሳወቀው ስም መሆኑን ግን አመሳክር። ተቀባዩ የግለሰብ ስም ከሆነ፣ ወይም በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ እዚያው ላይ አቁም።

እንደ ትረስትሊ ወይም እንደ ክላርና ባሉ ክፍያ አገናኝ ኩባንያዎች በኩል የምትከፍል ከሆነ ደግሞ የባንክህ መግቢያ ሲከፈት አድራሻውን ተመልከት፣ የባንኩ መተግበሪያ እንድታጸድቅ ሲጠይቅህም የሚያሳይህን መጠንና ተቀባይ አንብብ። 50 ዩሮ አስገባለሁ ብለህ መተግበሪያው 500 ካለህ የምታምነው መተግበሪያውን ነው። በስልክ ደውሎ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅህ ሰው፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልህም፣ ሌባ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የምትልክለት ማን ነው የሚለው ነው። ጀርመን ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው ሐሌ ከተማ ያለው የክፍላተ አገሩ የጋራ የቁማር ባለሥልጣን ሲሆን ፈቃድ ያላቸውን ጣቢያዎች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል፤ አንድ ፊደል ቀይረው የሚያታልሉ ስላሉ አድራሻውን ፊደል በፊደል አነጻጽር። እንደ ማልታ ወይም እንደ ኩራሳው ባለ ሌላ አገር የተሰጠ ፈቃድ እዚህ ጀርመን አይበቃም። ሕጋዊው የኢንተርኔት የቁማር ማሽን በአንድ ዙር ከ1 ዩሮ በላይ አያስይዝም፣ አንዱ ዙርም ቢያንስ 5 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሁሉም ጣቢያዎች ተደምሮ በወር የምታስገባው በመደበኛው ከ1,000 ዩሮ አይበልጥም። ገደቡ እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ «እኛ ዘንድ ገደብ የለም» ብሎ የሚያስተዋውቅ ጣቢያ ግን ከሕጉ ውጭ መሆኑን በራሱ አፍ እየነገረህ ነው።

ሁለት ወጥመዶች በወገኖቻችን መካከል ስለሚደጋገሙ ለይቼ ልጻፍልህ። አንደኛው «ብዙ ገንዘብ አሸንፈሃል፣ እንዲለቀቅልህ ግን አስቀድመህ ግብሩን በቅጽበት ላክ» የሚለው ነው። በጀርመን በኢንተርኔት የማሽን ጨዋታ ላይ የተጣለው 5.3 በመቶ ግብር ተጫዋቹ ለጨዋታው ከሚያስይዘው ገንዘብ ላይ የሚሰላና ካሲኖው ለመንግሥት የሚከፍለው ስለሆነ፣ ያሸነፍኸውን ለመቀበል ግብር ብለህ የምትልከው አንዳች ሳንቲም የለም። ሁለተኛው የሚያሳፍረን ነው፤ የሚያውቅህ ሰው «የእኔ ሒሳብ ተዘግቷል፣ ያሸነፍሁት በአንተ በኩል ይግባና አንተ አስተላልፍልኝ» ይልሃል። ይሉኝታ ይዞህ እሺ እንዳትል። የገንዘቡ ምንጭ ወንጀል ሆኖ ከተገኘ ፖሊስ የሚጠራው የሒሳቡን ባለቤት ነው፣ ባንኩም ሒሳብህን ሊዘጋብህ ይችላል። ካሲኖውም ቢሆን በስምህ ካልሆነ ሒሳብ መቀበልና ወደዚያ መክፈል የለበትም።

ደመወዝህ ከሚገባበት ሒሳብ በፍጹም አትጫወት። እኛ ዲስፖ የምንለው የብድር ጣሪያ ያለው ሒሳብ ገንዘብህ ሲያልቅ ዝም ብሎ ከባንኩ ያበድርሃል፤ በ10 ሰከንድ የተበደርኸውን በወለድ ስትከፍል ትከርማለህ። ዲስፖ የሌለው ሁለተኛ ሒሳብ ክፈትና በወሩ መጀመሪያ የወሰንኸውን ብቻ ወደዚያ አዛውር። ባንክህም በቅጽበታዊ ክፍያ ላይ የቀን ጣሪያ እንድታደርግ መፍቀድ አለበትና ዝቅ አድርገህ ወስነው። አንድ ምሽት እጅህ አልታዘዝ ካለህ በሕጋዊ ጣቢያ ላይ ለ24 ሰዓት የሚያግድ ቁልፍ አለ፤ ኦአዚስ በሚባለው ከቁማር የታገዱ ሰዎች መዝገብ ራስህን ካስመዘገብህ ደግሞ ቢያንስ ለ3 ወር ፈቃድ ያላቸው ጣቢያዎች ሁሉ ይዘጉብሃል።

ያልላክኸው ክፍያ ብታይ ወዲያውኑ ወደ ጀርመን የማገጃ ስልክ 116 116 ደውለህ የባንክ መዳረሻህን አዘጋ፣ ቀጥለህም ለፖሊስ አመልክት።

ልትከፍልበት ያሰብኸውን ጣቢያ ስም ጻፍልኝ፣ ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ላይ አብረን እንፈልገው። እስከዚያ ገንዘብ አታስገባ። ለባለቤትህና ለልጆችህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ