ሱልዘርን የት ላስቀምጠው?

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ጠፋህ ብለህ እንዳትጀምር፤ ጠፍቻለሁ። ምክንያት ብደረድር ትስቅብኛለህ፣ ስለዚህ ይቅርታህን አስቀድሜ ልውሰድና ወደ ጉዳዬ ልግባ። አዎ፣ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። «ሲቸግርህ ብቻ ነው ስሜ ትዝ የሚልህ» ብትል አልከራከርህም። ግን ሠርግ መጥሪያ ላይ እንኳ ንዑስ አንቀጽ የሚፈልግ ሌላ ሰው አላውቅም፣ ምን ላድርግ?

ስለ አሜሪካዊው ፖለቲከኛ አል ስሚዝ በአማርኛ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዣለሁ፤ የጨነቀኝ ሱልዘር የሚባለው አገረ ገዢ ታሪኩ ውስጥ የት እንደሚገባ ነው። በ1928 ለፕሬዚዳንትነት ስለተወዳደረው ስሚዝ አይደለም፣ እሱን ሌሎች ጽፈው ጨርሰውታል። የእኔው ከ1904 እስከ 1915 በግዛቱ ዋና ከተማ አልባኒ የኒው ዮርክ ግዛት የታችኛው ምክር ቤት አባል የነበረው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፣ ደግሞ ስምንት ዓመት ቀንሰህ እንዳትጨቃጨቀኝ።)

የሚወራለት ታሪክ አንድ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት፣ ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ ትምህርቱን ትቶ፣ ፉልተን የዓሣ ገበያ በሳምንት 12 ዶላር ሲሠራ የነበረ ልጅ ትልቅ ሰው ሆነ። እውነት ነው፣ ግን ምንም አያስረዳም። ታማኒ ሆል በሚባለው የኒው ዮርክ ከተማ ዴሞክራቶች ድርጅት ድጋፍ ወንበር ያገኘ የድሃ ልጅ ሞልቶ ነበር። አብዛኛው የታዘዘውን ድምፅ ሰጥቶ አርብ ባቡሩን ይዞ ቤቱ ይገባል። ስሚዝንም በ1903 ለምርጫ ያቀረበው የሰፈሩ አለቃ ቶም ፎሊ ነው። ደመወዙ በዓመት 1,500 ዶላር፤ የመንገድ አበል በየ10 ማይሉ 1 ዶላር፣ ያውም በአንድ የስብሰባ ዘመን አንዴ ብቻ። ምርጫው ደግሞ ያኔ በየዓመቱ ነበር! ጃንዋሪ ላይ ገብተህ ኖቬምበር ላይ መራጩን እንደገና ለምነህ ትገባለህ።

መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አፉን ሳይከፍት ከረመ። ቆይቶ የባንክ ጉዳይ ኮሚቴ እና የደን ኮሚቴ ውስጥ ከተቱት፤ ስለ ባንክ ሕግ የማያውቀውን፣ ደን በዓይኑ ያላየውን ሰው። እዚህ ላይ ነው ያደረገው ነገር ያንተን ሙያ የሚነካው። ማታ ማታ ረቂቅ ሕጎቹን እየተሸከመ ማደሪያው ገብቶ ማንበብ ጀመረ። እንዲያው ማንበብ እንዳይመስልህ። የኒው ዮርክ ማሻሻያ ረቂቅ ሲታተም አዲሱ ቃል በዘመም ፊደል ይገባል፣ የሚሰረዘው ነባር ቃል በማዕዘን ቅንፍ ይታጠራል። ዘመም ያለውን ብቻ ካነበብክ ረቂቁ ምን እንደሚጨምር ታውቃለህ፤ ምን እንደሚወስድብህ ግን ቅንፉ ውስጥ ነው ያለው። ቅንፉ ደግሞ ወደ ሌላ ሕግ ይመራሃል፣ ያ ሕግ ወደ ሌላ። ሌሎቹ ዞር ብለው የማያዩትን የዓመቱን የገንዘብ ድልድል ረቂቅ መስመር በመስመር ያነበው ነበር። የትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ጸሐፊ እንዳለው፣ የትኛው ሆስፒታል ለድንጋይ ከሰል ስንት እንደተመደበለት ካወቅህ ማንም ተነስቶ አይዋሽህም። በ1910 ምርጫ ዴሞክራቶች አሸንፈው በ1911 የአብላጫው መሪ ሆነ፣ በዚያው የገቢና ወጪ ኮሚቴውን ሰበሰበ። የማደሪያ ጓደኛው የነበረው ሮበርት ዋግነር የላይኛውን ምክር ቤት፣ ሴኔቱን፣ ያዘ።

ቁጥሩን ልንገርህ፤ ጽሑፌ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። የታችኛው ምክር ቤት 150 ወንበር አለው። ረቂቅ እንዲያልፍ 76 ድምፅ ይፈልጋል፤ ከተገኙት ሳይሆን ከተመረጡት ግማሽ በላይ። የቀረ አባል ያው እንደተቃወመ ነው። ሴኔቱ ያኔ 51 ነበር፣ እዚያ 26። ረቂቁ ደግሞ በመጨረሻ መልኩ ታትሞ ሦስት የስብሰባ ቀን ጠረጴዛ ላይ መቆየት አለበት፣ አገረ ገዢው የአስቸኳይነት መልእክት ካልላከ በቀር። አንዲት ቃል ከተቀየረች እንደገና ይታተማል፣ ሦስቱ ቀን እንደ አዲስ ይቆጠራል። ስለዚህ የስብሰባው ዘመን ሊዘጋ ሲል ረቂቅ መግደል የፈለገ ሰው መቃወም አያስፈልገውም፤ «ላሻሽለው» ይበል፣ በቃ። ዘመኑ ከተዘጋ በኋላም አገረ ገዢው 30 ቀን አለው፣ በዚያ ውስጥ ካልፈረመ ረቂቁ ሞተ።

አሁን ወደ 1911ዱ ሳምንት። ማርች 24 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሠራተኞች የጉዳት ካሳ ሕግን ሻረው። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኒው ዮርክ ከተማ ያለው የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ 146 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች። ፋብሪካው ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ላይ ከ8ኛ እስከ 10ኛ ነበር። በ9ኛው ፎቅ አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፏል፣ የውጪው የብረት ደረጃ ተጣሞ ወደቀ፣ የእሳት አደጋ መኪና መሰላል 6ኛ ፎቅ ላይ አለቀ። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ አልባኒ ያለው የምክር ቤቱ ሕንፃ ራሱ ተቃጥሎ የግዛቱ ቤተ መጻሕፍት አመድ ሆነ። ምነው ብትል እንዲህ ያለ ሳምንት!

ጉዳዩን ይዘው ለመጡት የከተማው ታላላቅ ሰዎች ስሚዝ የሰጠው ምክር ከሥራው ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። የተከበሩ ዜጎች ኮሚቴ አትጠይቁ፣ ሪፖርታቸው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ የምክር ቤቱ የራሱ አጣሪ ኮሚሽን ይሁን፣ አባላቱ የራሳቸውን ሰው ቃል ይሰማሉ አላቸው። ኮሚሽኑ ጁን 30 በሕግ ተቋቋመ፤ ዘጠኝ ሰው፣ ዋግነር ሰብሳቢ፣ ስሚዝ ምክትል፣ የሠራተኛ ማኅበራቱ ሳሙኤል ጎምፐርስም አባል። ምስክር በመጥሪያ የማስቀረብ ሥልጣን ነበረው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 1,836 የሥራ ቦታ ታየ፣ 222 ምስክር ተሰማ። ለሠራተኞች ትሟገት የነበረችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ አባላቱን እየጎተተች ወደ ፋብሪካዎቹ ትወስዳቸው ነበር። ዋግነርን በግድግዳ ቀዳዳ አሹልካ በረዶ የጋገረበት የብረት መሰላል ላይ አወጣችው፤ መሰላሉ ከመሬት 12 ጫማ ሲቀረው ያበቃል፣ ላዩ ላይ ግን «የእሳት አደጋ መውጫ» የሚል ጽሑፍ አለው። ከዚያ በኋላ ማን ይከራከራታል?

የወጡት ሕጎች ያስደሰቱኝ በልካቸው ነው። «በቂ ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል የለበትም። ከምድር ቤት በላይ ከ25 ሰው በላይ የሚያሠራ ፋብሪካ በየሦስት ወሩ የእሳት አደጋ ልምምድ ያድርግ። ከ7 ፎቅ በላይ በሆነ ሕንፃ ከ7ኛው በላይ ከ200 ሰው በላይ ካለ ጣሪያው ላይ በራሱ የሚረጭ የውሃ መስመር ይዘርጋ። በሥራ ሰዓት በር አይቆለፍ። ተቆጣጣሪው ቆጥሮ የሚያጣራው ሕግ ማለት ይህ ነው፤ አንተ ስትለው የኖርከው ነገር።

የሴቶች የሥራ ሰዓት በሳምንት 54 የሆነው በ1912 ነው፣ ግን ምግብ በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች «ካልሆነ በቀር» ተብለው ከሕጉ ወጡ። ምክንያታቸው ፍሬው ሲደርስ አይጠብቅም ነው። ቀጥሎም ባለ ፋብሪካዎቹ ከሳምንቱ የእረፍት ቀን ሕግ ነፃ እንሁን ብለው መጡ። ስሚዝ ተነስቶ ሰንበትን አክብር የሚለውን ትእዛዝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ከቆርቆሮ ፋብሪካ በስተቀር የሚል አላገኘሁበትም አለ። ይህን ሳነብ አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ፤ ልዩ ሁኔታ ከአንቀጹ ጅራት ላይ ስታድን።

እሺ። እስካሁን ያለው ጥሩ ነው፣ አንባቢም ይወደዋል። እንቅልፍ የነሳኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው… እንዴት ብዬ ልንገርህ፤ ሱልዘር ነው።

በ1913 ስሚዝ አፈ ጉባኤ ሆነ፣ ዊልያም ሱልዘር ደግሞ አገረ ገዢ። የዚያ ዓመት የፋብሪካ ሕጎች፣ ዋነኞቹ ሁሉ፣ ከሥራቸው ያለው ፊርማ የሱልዘር ነው። እሱም የታማኒ ልጅ ነበር፤ ግን በሹመትና በእጩዎች አመራረጥ ሕግ ከታማኒ አለቃ ከቻርልስ መርፊ ጋር ተጣላ። ወዲያው የምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ የምርጫ ሒሳቡን ከፈተ። ያላስመዘገበው መዋጮ ተገኘ፣ ከፊሉም አክሲዮን ገበያ ገብቷል። ኦገስት 13 ንጋት ላይ፣ ስሚዝ በሚመራው ቤት፣ ከሥልጣን እንዲወርድ ተከሰሰ፤ 79 ለ45። የሚያስፈልገው ስንት ነበር? 76። ሦስት ድምፅ ብቻ ነው የተረፈው። እንደዚህ ያለ ቁጥር ሳይቆጠር አይገኝም፣ መቁጠር ደግሞ ስሚዝን የሚያህለው አልነበረም።

ሕጉም ያከራክራል። ስብሰባው ልዩ ስብሰባ ነው፣ የጠራውም ሱልዘር ራሱ፤ በልዩ ስብሰባ አገረ ገዢው ካቀረበው ጉዳይ ውጪ ሕግ አይወጣም። ክስ ግን ሕግ ማውጣት ነው? ክሱን የሰማው የፍርድ ጉባኤ አይደለም ብሎ አለፈው። ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል፤ ሰውየው ሥልጣን ከመያዙ በፊት በሠራው ይወርዳል? የጉባኤው ሰብሳቢ ዳኛ ኤድጋር ከለን ራሱ አይወርድም ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ግን ተሸነፈ፣ ሱልዘር ኦክቶበር 17 በ43 ለ12 ድምፅ ወረደ። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? እውነትህን ንገረኝ፣ እንደ ጠበቃ ሁለቱንም ጎን እንዳትሰጠኝ።

የእኔን ከጠየቅኸኝ፣ የሱልዘር ጥፋት እውነተኛ ነው፤ ለመርፊ ቢታዘዝ ግን ያን መዝገብ ማንም አይገልጠውም ነበር። ስሚዝም ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። መራጩም የገባው ይመስላል፤ በኖቬምበር ዴሞክራቶች የታችኛውን ምክር ቤት አጡ፣ ስሚዝ በ1914 ተመልሶ የአናሳው መሪ ሆነ፣ ሱልዘር ደግሞ ተመርጦ እዚያው ቤት መጥቶ ተቀመጠ። አስበው፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ! በዚያው ምርጫ ሕዝቡ የጉዳት ካሳን የሚፈቅደውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ፤ ሁለት ተከታታይ ምክር ቤት ካለፈ በኋላ። ተተኪው አገረ ገዢ ማርቲን ግሊን አዲሶቹ አባላት ሳይገቡ ልዩ ስብሰባ ጠርቶ ዲሴምበር ላይ ሕጉን አወጣ።

ጭንቀቴ ይኸውልህ፤ ሱልዘርን ከፋብሪካ ሕጎቹ በፊት ካስቀመጥኩት ስሚዝ የመርፊ ሎሌ ሆኖ ይቀራል፣ የቀረውን አንባቢ በዚያ መነጽር ነው የሚያየው። መጨረሻ ላይ ካደረግሁት ደግሞ የደበቅሁት ይመስላል። የሚያጓጓኝ በጊዜ ቅደም ተከተል ትቼ፣ ፊርማውን ሜይ ላይ አሳይቼ፣ ክሱን ኦገስት ላይ ያለ ምንም አስተያየት መጣል ነው። ግን አንባቢ ዝም ስትለው የራሱን ይጨምራል፣ አይደል?

ረቂቁን አያይዤልሃለሁ። ቀዩን እስክሪብቶህን አትማርልኝ፤ በተለይ 1913ን። «ከሥልጣን ለማውረድ መክሰስ» እና «ማውረድ» አንባቢ ላይ እንዳይምታቱ ፈርቻለሁ፤ አጠር ያለ አነጋገር ካለህ ስጠኝ። እስከ ሰኞ ብትመልስልኝ ደስ ይለኛል። ካልደረሰልህም ደውልልኝ፣ ብትቆጣም እሰማለሁ።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ

ሳልረሳው፤ በ1915 ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል በተጠራው ጉባኤ ሰብሳቢው ሪፐብሊካኑ ኤሊሁ ሩት ነበር፤ ስለ ግዛቱ አሠራር ከስሚዝ የሚበልጥ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም ሲል መስክሮለታል። ሕዝቡ ግን ጉባኤው ያወጣውን ሕገ መንግሥት በዚያው ኖቬምበር ውድቅ አደረገው፤ ስሚዝም በዚያው ምርጫ የኒው ዮርክ ካውንቲ ሸሪፍ ሆኖ አልባኒን ለቀቀ። ይህን ላስገባው ወይስ ይቅር?