ሐዲዱ ጅማ ሳይደርስ የቃጠሎው ነገር ይለቅ

ይድረስ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ገና ስላልመጣ ባቡር ነው። ጅማ በአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ስሟ ከገባ ቆይቷል። ቢመጣ እሰየው። ግን አንድ ነገር አስቀድመን እንነጋገር፦ ከባቡሩ የተነሳ እሳት የገበሬውን ቡና ቢበላ ማን ይከፍላል?

«የኤሌክትሪክ ባቡር ምን እሳት አለው?» እንዳትሉኝ። ከፍሬን ይነሳል። ሐዲድ ሲሞረድ ይነሳል። ከተበጠሰ ሽቦም ይነሳል። በጥርና በየካቲት ከዋንዛውና ከብሳናው ሥር የተነጠፈውን ደረቅ ቅጠል ያየ ሰው አንዲት ፍንጣሪ እንደምትበቃው ያውቃል።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 አደገኛ ሥራ የሚሠራ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ይላል። መንግሥትም ቢሆን አይቀርለትም። ፈንጂን፣ መርዝን፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመርን ይዘረዝራል። ባቡርን ግን በስሙ አይጠራም። እንግዲህ ገበሬው «ባቡር አደገኛ ሥራ ነው፣ አይደለም» በሚል ክርክር ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይክረም? ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

እንግሊዞች በዚህ አልፈዋል። በ1860 (በእነሱ አቆጣጠር) ፍርድ ቤቱ ደን ያቃጠለን የባቡር ድርጅት «በሕግ ተፈቅዶለት ነው የሚሄደው፣ ጥንቃቄም አላጎደለም» ብሎ ነፃ አወጣው። ገበሬው ጥፋት ሳያስረዳ ካሳ የሚያገኝበት ሕግ የወጣው በ1905 ነው፤ እሱም እስከ 100 ፓውንድ ለሚደርስ ጉዳት። 45 ዓመት ጠብቀው!

የበለጠ የምፈራው ግን «ማን ሐዲድ አጠገብ አስጣ አለህ?» የሚለውን ነው። ጀንፈል (ከነገለባው የሚደርቅ ቡና) በኅዳርና በታኅሣሥ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይውላል። አልጋው ያለው ደግሞ ገበሬው መሬት ላይ ነው፣ ወዴት ይውሰደው? በ1914 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐዲድ አጠገብ ስለተከመረ የተልባ ገለባ ተመሳሳይ ክርክር ቀርቦለት፣ ሰው በገዛ መሬቱ ስለተጠቀመ ቸልተኛ አይባልም ብሏል። የእኛም ሕግ ይህን በግልጽ ይበል።

ግምቱም ይታሰብበት። የቡና እግር ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። የአንድ ዓመት ምርት ተሰልቶ የተሰጠው ሰው አልተካሰም። ጥላው ዛፍ ሲቃጠልማ የተረፈው ቡናም ፀሐይ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ የመስመሩ ውል ከመፈረሙ በፊት ባቡሩን የሚያሠራው አካል ጥፋት ኖረም አልኖረ ለቃጠሎ እንደሚከፍል ይጻፍ። ገማቹም ቡና የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቡና ገበሬ ልጅ፣ ከጅማ